የአሮጌ ሌንስ የትውልድ አገር እንዴት ይታወቃል?

አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይገዛል። አንደኛው ዕቃው ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያወራው ታሪክ ነው። ዕቃው በእጅ ይዳሰሳል፣ በዓይንም ይታያል፤ ታሪኩ ግን በቃል የሚታመን ብቻ ነው። ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን ታሪኩ ስለ ሆነ፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ያባቶች ምሳሌ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ እንደ ሕግ ሊቈጠር ይገባዋል።

ይህ ነገር በተለይ በካሜራ ሌንስ ላይ ጎልቶ ይታያል። በፊልም የሚሠራው ካሜራ በዲጂታል ካሜራ በተተካ ጊዜ፣ የቀድሞዎቹ ሌንሶች ዋጋ እያጡ በየሣጥኑና በየመሳቢያው ተጥለው ነበር። ዛሬ ግን ሰባና ሰማንያ ዓመት የሆነው ሌንስ በማጋጠሚያ ቀለበት አማካይነት በአዲሱ ካሜራ ላይ እየተገጠመ ስለሚሠራ፣ ፈላጊው በዝቷል። ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ወጣ፤ ዋጋው ሲወጣም አስመሳዩ በረታ። ከወር ደመወዙ ቈጥቦ ወይም ከኪስ ገንዘቡ አጠራቅሞ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚገዛ ወጣት፣ የገዛው ነገር የተባለው መሆን አለመሆኑን የሚመረምርበትን መንገድ ቢያውቅ ገንዘቡን ያድናል። ከዚህም ሌላ፣ አንዲት ጭብጥ በማትሞላ ብረትና መስተዋት ውስጥ የአንድ ዘመን ታሪክ ተደብቆ ያገኛል።

ለምሳሌ የሚሆነን አንድ ሌንስ እንውሰድ። በፊቱ ቀለበት ላይ ዙሪያውን በላቲን ፊደል «ካርል ዛይስ ዬና» የሚል ተቀርጾበታል። ቀጥሎ «ሶናር 1፡2» እና «5 ሴንቲ ሜትር» ይላል፤ ሰባት አኀዝ ያለው መለያ ቁጥርም አለው። ከካሜራው ጋር የሚጋጠመው እየተጠመዘዘ ሲሆን፣ የመጋጠሚያው ጥርስ ስፋት 39 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጩ «ከጦርነቱ በፊት የተሠራ፣ እውነተኛ የጀርመን ዕቃ ነው» ይላል። ነገሩ እውነት ይሆን? መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ እነዚህ ስሞች ከየት እንደ መጡ ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዬናና ሊቃውንቷ

ዬና በመካከለኛው ጀርመን፣ በቱሪንገን አውራጃ የምትገኝ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ካርል ዛይስ የተባለው መካኒክ በዚህች ከተማ በ1846 ዓ.ም. ትንሽ የሥራ ቤት ከፍቶ ማይክሮስኮፕ ይሠራ ጀመር። በዚያን ጊዜ ሌንስ የሚሠራው በመሞከር ነበር፤ ባለሙያው መስተዋቱን ይሞርዳል፣ ያያል፣ ካልተስማማው እንደ ገና ይሞርዳል። በ1866 ዓ.ም. ኤርንስት አበ የተባለው የዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ከዛይስ ጋር መሥራት ሲጀምር ግን ሌንስ በሒሳብ ተሰልቶ የሚሠራበት ዘመን መጣ። በ1884 ዓ.ም. ኦቶ ሾት የተባለው የመስተዋት ጠቢብ በዬና ልዩ ልዩ ዐይነት መስተዋት የሚያነጥር ፋብሪካ ከእነርሱ ጋር አቋቋመ። መካኒኩ፣ የሒሳቡ ሊቅና የመስተዋቱ ጠቢብ ስለ ተገናኙ የዬና ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ።

አበ ሊቅ ብቻ አልነበረም። ዛይስ ከሞተ በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ በዛይስ ስም አንድ ድርጅት አቁሞ የኩባንያውን ሀብት ከግል ባለቤትነት ወደዚያ ድርጅት አሳለፈ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞቹ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። «ዬና» የሚለው ቃል በሌንስ ቀለበት ላይ ሲቀረጽ የከተማ ስም ብቻ ሳይሆን የሥራ ጥራት ማኅተም እስከ መሆን የደረሰው በእንዲህ ያለ መሠረት ላይ ነው። አስመሳዮችም የሚፈልጉት ይህንኑ ማኅተም ነው።

«ሶናር» የሚለው ስም የሌንሱን አሠራር የሚያመለክት ነው። ይህን አሠራር በ1920ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፈው ሉድቪግ በርተለ የተባለው ጀርመናዊ ነው። በ1932 ዓ.ም. ኮንታክስ የተባለው አዲስ ካሜራ ለሽያጭ ሲወጣ ሶናር አብሮት ወጣ። «1፡2» ማለት የብርሃን መግቢያው ስፋት የሌንሱን የትኩረት ርቀት ግማሽ ያህላል ማለት ነው፤ ይህም ለዚያ ዘመን እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ፣ በደብዛዛ ብርሃን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያስችል ነበር።

የበርተለ ብልኀት የሚገባን ብርሃን በመስተዋት ላይ ምን እንደሚሆን ስናውቅ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ወይም ከመስተዋት ወደ አየር ሲያልፍ ሁሉም አያልፍም፤ መስተዋቱ ምንም ቅብ ከሌለው ከመቶው ከ4 እስከ 5 የሚሆነው ወደ ኋላ ይመለሳል። በሌንስ ውስጥ ብዙ ለየብቻ የቆሙ መስተዋቶች ካሉ የተመለሰው ብርሃን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንገዋለለ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። በርተለ ስድስት መስተዋቶች ተጠቀመ፤ ሆኖም ሦስቱን በአንድ ላይ፣ ሌሎቹን ሁለቱን በአንድ ላይ አጣበቃቸውና አንደኛውን ብቻ ለብቻው አቆመ። ስለዚህ ስድስቱ መስተዋቶች በሦስት ክፍል ሆኑ፤ አየር የሚነካቸው ገጾችም ስድስት ብቻ ቀሩ። በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ እዚያው ዬና ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ መስተዋትን በቀጭን ቅብ ሸፍኖ ነጸብራቁን የሚቀንስበትን ዘዴ ፈለሰፈ። በአሮጌ ሌንሶች ላይ በቀይ ቀለም የምትታየው «ቲ» የተባለች የላቲን ፊደል የዚህ ቅብ ምልክት ናት።

ጦርነቱ ቤተሰቡን ሲበትነው

በሚያዝያ ወር 1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ዬናን ያዘ። ነገር ግን በድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ስምምነት ከተማዪቱ ለሶቪዬት ጦር የምትሰጥ ስለ ነበረች፣ አሜሪካኖቹ በበጋው መጀመሪያ ለቀው ሲወጡ የኩባንያውን ዋና ዋና ሊቃውንትና ሹማምንት ይዘው ወደ ምዕራብ ሄዱ። እነዚህ ሰዎች በ1946 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን፣ ኦበርኮኸን በተባለች ትንሽ ስፍራ አዲስ የዛይስ ፋብሪካ አቋቋሙ።

ሶቪዬቶቹም በተራቸው ከዬናና ከድሬዝደን መኪናዎቹን እየነቀሉ እንደ ጦር ካሣ ወሰዱ። በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ የዬና ባለሙያዎች ከነቤተሰቦቻቸው በባቡር ተጭነው ወደ ሶቪዬት ኅብረት ተወሰዱ። ከቤታቸው ሲነሡ ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ ወዳገራቸው የተመለሱትም ከዓመታት በኋላ ነው። የኮንታክስ ካሜራ መሥሪያው መሣሪያ በኪየቭ ከተማ፣ አርሴናል በተባለው ፋብሪካ ተተክሎ፣ ካሜራው «ኪየቭ» በሚል አዲስ ስም ወጣ። ሶናር ሌንስም በሞስኮ አጠገብ በምትገኘው በክራስኖጎርስክ ከተማ መሠራት ጀመረ፤ ጥቂት ቈይቶም «ዩፒተር» የሚል የሩስኛ ስም ተሰጠው። የ5 ሴንቲ ሜትሩና የ1፡2 ስፋት ያለው «ዩፒተር 8» ተባለ።

እንግዲህ አንድ አባት የወለደው ሌንስ በአንድ ጊዜ በሦስት ቤት ያድግ ጀመር፤ በዬና፣ በኦበርኮኸንና በክራስኖጎርስክ። በሩቅ ምሥራቅ ደግሞ የጃፓን ፋብሪካዎች የሶናርን አሠራር ተከትለው የራሳቸውን ሌንስ ይሠሩ ነበር። ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ደግላስ ዳንከን በ1950 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የኒኮንን ሌንስ ሞክሮ ካደነቀው በኋላ የኮርያን ጦርነት ያነሣው በዚሁ ሌንስ ነው።

በጀርመን የቀሩት ሁለቱ ፋብሪካዎች «ዛይስ» የሚለው ስም የማነው በሚል ብዙ ዓመት በየአገሩ ፍርድ ቤት ተሟገቱ። ከዚህም የተነሣ፣ የምሥራቁ ፋብሪካ በአንዳንድ የምዕራብ አገሮች ለሚሸጠው ሌንስ የቀድሞውን ስም መጻፍ ስላልቻለ፣ «ከዬና» የሚለውን ብቻ ጽፎ ሶናርን በ«ኤስ»፣ ቴሳርን በ«ቲ»፣ ቢዮታርን በ«ቢ» ፊደል ያመለክት ነበር። (እዚህ ላይ «ቲ» የቴሳር ስም ምልክት እንጂ የቅቡ ምልክት አለመሆኗን ልብ ይሏል።) ክርክሩ በ1971 ዓ.ም. ለንደን ላይ በስምምነት ረገበ፤ ጀርመን አንድ ከሆነች በኋላ በ1991 ዓ.ም. ሁለቱ ቤቶች እንደ ገና ተዋሐዱ። ስለዚህ በቀለበት ላይ የተጻፈውን የስም አጻጻፍ ብቻ አይቶ አንድ ሌንስ በየትኛው ዘመንና ለየትኛው ገበያ እንደ ተሠራ መገመት ይቻላል፤ ስሙ እውነተኛ ከሆነ ማለት ነው።

ምርመራው

አሁን ወደያዝነው ሌንስ እንመለስ። ስሙን ለጊዜው ትተን የቀረውን እንመርምር፤ በአንድ ሌንስ ላይ ለመለወጥ ከሁሉ የሚቀለው የተጻፈው ስም ነውና።

አንደኛ፣ መጋጠሚያው። ባለ 39 ሚሊ ሜትሩ ጥርስ የላይካ ካሜራ መጋጠሚያ ነው። ላይካን የሚሠራው በቬትስላር ከተማ የነበረው የላይትስ ኩባንያ ሲሆን፣ ኮንታክስ ደግሞ ላይካን ለመወዳደር የተሠራ ካሜራ ነው። ታዲያ ሶናር የኮንታክስ ሌንስ ሆኖ ሳለ በተወዳዳሪው መጋጠሚያ ለምን ተሠራ? የመጀመሪያው ጥርጣሬ እዚህ ላይ ይነሣል። በጦርነቱ ዓመታት ዬና ላይ በላይካ ጥርስ የተሠሩ እውነተኛ ሶናሮች ቢኖሩም ቍጥራቸው ጥቂት ነው። በሶቪዬት ኅብረት ግን ዞርኪ የተባለው ካሜራ በላይካ አምሳል የተሠራና በዚሁ ባለ 39 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚጋጠም በመሆኑ፣ ዩፒተር 8 በዚህ መጋጠሚያ በብዛት ተሠርቷል። ጥቂት ከሆነውና ብዙ ከሆነው በገበያ የሚያጋጥመው የትኛው እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ። የዬና ፋብሪካ ለሌንሶቹ ሁሉ ተከታታይ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ቁጥሩ በ1930 ዓ.ም. ገደማ አንድ ሚሊዮን፣ በ1937 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ሚሊዮን ደረሰ፤ ሦስት ሚሊዮን የደረሰው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ስለዚህ «ከጦርነቱ በፊት የተሠራ» የተባለው ሌንስ ቁጥሩ በሦስት ሚሊዮን ቢጀምር ሻጩና ቁጥሩ አልተስማሙም። እንዲሁም ቁጥሩ የ1932 ዓ.ም. ሆኖ መስተዋቱ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የቅብ ነጸብራቅ ቢያሳይ፣ ቅቡ ከዚያ በኋላ የተፈለሰፈ ነውና፣ ወይ መስተዋቱ በኋላ ተቀብቷል ወይ ቁጥሩ ውሸት ነው። የሶቪዬት ሌንሶች አቈጣጠር ሌላ ነው፤ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአብዛኞቹ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች የተሠሩበትን ዓመት ያመለክታሉ። በ58 የሚጀምር ቁጥር የ1958 ዓ.ም. ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የፋብሪካው ምልክት። የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ምልክት የብርሃን ጨረር እየታጠፈ የሚያልፍበት ፕሪዝም ነው። የሶቪዬት ሌንስ ቅብ ምልክት ደግሞ «ፔ» የምትባለው የሩስኛ ፊደል በቀይ ቀለም ተጽፋ ናት፤ ወደ ውጭ አገር የሚላኩትም ሌንሶች በሶቪዬት ኅብረት መሠራታቸው በላቲን ፊደል ይጻፍባቸው ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ሌንሶች ላይ የ1 ቁጥርና «ኪው» የተባለችው የላቲን ፊደል አንድ ላይ ሆነው እንደ ጥራት ምልክት ይታያሉ። አስመሳዩ እነዚህን ምልክቶች ፍቆ አዲስ ጽሑፍ ስለሚቀርጽ፣ ቀለበቱን በማጉያ መነጽር መመልከት ይጠቅማል። የፊደሎቹ ጥልቀት አንድ ዐይነት ነውን? ቀለማቸው በጠርዙ ላይ ፈስሷልን? ሰባ ዓመት በእጅ የተሻሸው አካል አርጅቶ ሳለ የስሙ ቀለበት ብቻ አዲስ መስሎ ከታየ፣ ያ ቀለበት ከሌንሱ ጋር አብሮ አላረጀም።

አራተኛ፣ ብረቱ። ከጦርነቱ በፊት ከተሠሩት ሶናሮች ብዙዎቹ በነሐስ ላይ ክሮም የተቀቡ ስለ ሆኑ በእጅ ሲያዙ ይከብዳሉ። ዩፒተር 8 በአብዛኛው ከአሉሚኒየም የተሠራ በመሆኑ ቀላል ነው። ነገር ግን በጦርነቱ ጊዜ በዬናም በአሉሚኒየም ተሠርቷልና፣ ክብደት ምስክር ሊሆን ይችላል እንጂ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

አምስተኛ፣ ብርሃኑ። ይህ ምርመራ ከሁሉ ይበልጥ ያስደስታል፤ አንድ አምፑል እንጂ ሌላ መሣሪያም አይፈልግም። ሌንሱን በመብራት ሥር ይዘው የብርሃን መግቢያውን ቀዳዳ ያጥብቡት፤ ከዚያ ከፊት በኩል እየተመለከቱ ጥቂት ያዘንብሉት። የአምፑሉ ምስል በመስተዋቶቹ ላይ ተደጋግሞ ይታያል። አየር የሚነካው ገጽ ሁሉ አንድ ደማቅ ምስል ይሰጣል፤ ሁለት መስተዋቶች የተጣበቁበት ቦታ ግን ፈዛዛ ምስል ብቻ ይሰጣል። በ1፡2 ሶናር ከቀዳዳው በፊት አራት ደማቅና ሁለት ፈዛዛ ምስሎች ይቈጠራሉ፤ ሌንሱን ገልብጠው ከኋላ በኩል ሲያዩ ደግሞ ሁለት ደማቅና አንድ ፈዛዛ ይገኛሉ። በ1902 ዓ.ም. ፓውል ሩዶልፍ በዬና የፈለሰፈው ቴሳር ከፊት አራት ደማቅ ብቻ አለው፤ ፈዛዛ የለውም። ቢዮታር ከፊትም ከኋላም አራት አራት ደማቅና አንድ አንድ ፈዛዛ ይሰጣል። ፈዛዛዎቹን ለይቶ ለመቍጠር ጨለማ ክፍልና ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ በቀለበቱ ላይ ምንም ቢጻፍ የሌንሱ ውስጣዊ አሠራር ይታወቃል። ስም በመቅረጫ ይለወጣል፤ የመስተዋቶቹን አቀማመጥ ግን ማንም በመቅረጫ አይለውጠውም።

ፍርዱ

የያዝነው ሌንስ በአምስቱም ተመረመረ እንበል። መጋጠሚያው የላይካ ነው፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ የስሙ ቀለበት ከሌላው አካል አዲስ ይመስላል፣ ቁጥሩም ከተባለው ዘመን ጋር አይስማማም። በመብራት ሥር ሲታይ ግን የምስሎቹ ቍጥር ልክ እንደ ሶናር ነው። ታዲያ ምስክሮቹ ተጣሉን?

አልተጣሉም። ዩፒተር የተሠራው በሶናር አሠራር ስለ ሆነ የመስተዋቶቹ አቀማመጥ አንድ ነው። አስመሳዩም ዩፒተርን የመረጠው ለዚህ ነው፤ በውስጡ ያለው ዘር እውነተኛ ነውና። ብርሃኑ የሌንሱን አባት ይናገራል፤ መጋጠሚያው፣ ብረቱና ቁጥሩ ደግሞ የተወለደበትን ቤት ይናገራሉ። አንዱን ብቻ የሰማ ይሳሳታል፤ ሁሉንም የሰማ ግን «ይህ ሌንስ የበርተለን አሠራር ተከትሎ በሶቪዬት ኅብረት የተሠራ ዩፒተር 8 ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙም በኋላ ተለውጧል» ብሎ ሊፈርድ ይችላል። ከዚህ ፍርድ የበለጠ ማረጋገጫ የሚፈልግ ሰው ካሜራ ለሚጠግን ባለሙያ ሰጥቶ ውስጡን ቢያስመረምር ይሻላል። ራሱ ሊፈታው ቢሞክር ግን ሌንሱን ከማወቁ በፊት ያበላሸዋል።

ይህን መለየት ለዋጋው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የሶቪዬት ሌንሶች የትኩረት መጠን ከኮንታክስ የመጣ በመሆኑ፣ ከላይካ መጠን በጥቂቱ ይለያል። ስለዚህ ዩፒተር በእውነተኛ የላይካ ካሜራ ላይ ሲገጠም የሩቁን ተራራ አጥርቶ ያነሣል፤ በቅርብ የቆመን ሰው በሰፊው ቀዳዳ ሲያነሣ ግን ትኩረቱ ዝንፍ ሊል ይችላል። የሌንሱን አገር ያላወቀ ሰው ጥፋቱን በራሱ እጅ ወይም በካሜራው ላይ ይጥላል፤ ያወቀው ግን ቀዳዳውን አጥብቦ ወይም የሚመለከቱትን ነገር በቀጥታ በመስኮቱ በሚያሳይ ዲጂታል ካሜራ ላይ ገጥሞ በደንብ ይሠራበታል።

ዩፒተር 8ም በስሙ ሲጠራ የሚያሳፍር ሌንስ አይደለም። ጥሩ ሥዕል ይሰጣል፤ በራሱ ስም ሲሸጥም ዋጋው ለተማሪና ለጀማሪ ሠራተኛ አቅም የሚቀርብ ነው። ወንጀሉ ያለው በሌንሱ ላይ ሳይሆን፣ የክራስኖጎርስክን ሠራተኞች ስም ፍቆ የዬናን ስም በጻፈው ሰው ላይ ነው። ገዢውን ገንዘቡን ቀማው፤ የሠሩትን ሰዎች ድካም ካደ፤ ዬናንም ያልሠራችውን ዕቃ ሠራሽ አላት። ከቤታቸው ተነሥተው በባቡር የተወሰዱት ባለሙያዎች ታሪክም በዚያች ተፍቃ በጠፋች ጽሑፍ ውስጥ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ አሮጌ ሌንስ ለመግዛት የሚያስብ ሁሉ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት መብራት ለኩሶ ምስሎቹን ይቍጠር፤ ጥርሱን ይለካ፤ ቁጥሩን ያንብብ፤ ስሙን ግን በመጨረሻ ይመልከት። ሻጩ በዚህ ምርመራ ቢቈጣ እርሱም ራሱ አንድ ምስክር ነው። እውነተኛ ዕቃ የያዘ ሻጭ ግን ሌንሱ በብርሃን ሲመረመር አይፈራም፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና።